የጌም ቤቱ ግድግዳ

ከሚሊኒየሙ ወዲህ ቦንጋ ላይ ጌም ቤት የከፈተ ሰው ሞልቷል፤ እንደ ነስሩ ግድግዳውን የሚወድ ግን አልተገኘም። ሌላው ቴሌቪዥኑን ይወለውላል፣ ጆይስቲኩን ይጠግናል። ነስሩ ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ነው።

ግድግዳው የጭቃ ነው፤ እንደ ሠፈሩ ቤት ሁሉ ወረቀት ለብሷል። የሚለየው ወረቀቱ ነው። ደርግ በወደቀ ሰሞን አባቱ ሱቅ ለስኳርና ለጨው መጠቅለያ የሚሆን የውጭ አገር መጽሔት ተከምሮ ይመጣ ነበር። ነስሩ ያኔ ልጅ ነው፤ የቪዲዮ ጌም ማስታወቂያ ያለበትን ገጽ እየመረጠ ይደብቃል። አድጎ ዘይቱናን ሲያገባ፣ ቤት ሠርቶ ሁሉንም በዱቄት ሙጫ ለጠፋቸው።

ከእነዚያ ጌሞች አንዱንም ተጫውቶ አያውቅም፤ ማስታወቂያዎቹን ግን በቃሉ ይዟቸዋል። ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ቴሌቪዥን ላይ ያፈጠጠ ልጅ አለ። ከስክሪን ውስጥ ዘሎ የሚወጣ ሞተረኛ አለ። አባትየው በከረባት፣ እናትየው የአንገት ጌጥ አጥልቃ፣ ልጆቹ መሐል ቁጭ ብለው አንድ ጥቁር ሣጥን ከበው የሚስቁበትም አለ። አንዱ ገጽ ላይ ደግሞ እሳት የሚተፋ ዘንዶ ተስሏል፤ እውነተኛውን ጌም የምታሳየው የጥጓ ፎቶ ላይ ያለው ግን ጥቂት ካሬ ነጠብጣብ ነው። ጎረምሶቹ ይስቁበታል፤ ጋሽ ነስሩ፣ ዘንዶው የታለ ይሉታል። ዘንዶውን እኛ በልባችን እንሞላው ነበር ይላቸዋል እሱ።

ነስሩና ዘይቱና ልጅ የላቸውም። ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱንም ጊዜ ወርዶባታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ገና በማለዳው ለሠፈር የለፈፈው ደግሞ አፉን መያዝ የማይችለው ነስሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የልጅ ነገር በዚያ ቤት አይነሳም። የሚያነሱት ጅማ ያሉት እናቱ ናቸው። በዚያ ክረምት ቁርጡን ላኩበት፤ አንዲት የዘመድ ልጅ ታስባለታለች፣ እሺ ይበልና ትምጣለት። ዘይቱና ሰማች። ጣውንት ከሚመጣብኝ እናቴ ቤት እገባለሁ አለች። ነስሩ ምን ያድርግ? እናቱን እምቢ ማለት አይችል፣ ሚስቱን መልቀቅ አይችል። እሺም እምቢም ሳይል ዝም አለ።

ግድግዳው መላጥ የጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ ከኋላኛው አግዳሚ ወንበር ጀርባ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይል፣ ሞተረኛው ጠፋ። ነስሩ ከደካ ለገበያ የመጡ ጎረምሶችን ጠረጠረ፤ ቀጥሎ ማዶ ሌላ ጌም ቤት የከፈተውን ካሊድን። ሄዶ ሊጣላውም ቃጥቶት ነበር። የመንገዱን በር ራሱ ቆልፎ ባደረ ማግስት ግን ሌላ ገጽ ሄደ። ከመኝታ ክፍሉ ወደ ጌም ቤቱ የሚያስገባ የውስጥ በር አለ። በዚያ በር ከእሱ ሌላ የምታልፈው ዘይቱና ብቻ ናት።

ልቡ ሊቀበለው አልፈለገም፤ ዓይኑ ግን ይከታተላት ጀመር። ማዕድ ሲቀርብ አንድ ሁለቴ ቆርሳ ትነሳለች፤ ከእኔ ጋር መብላት ተጸየፈች አለ። ጎረቤት ቡና ሲቆላ በሩን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች፤ ከሰው ሁሉ ተጣላች አለ። ዝናብ ሲጥል፣ ቦንጋ ደግሞ መቼ ያባራል፣ ወጥታ የራሰውን ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች፤ ወደ እናቷ የሚወስደውን መንገድ እያየች ነው አለ። በጠራራ ቀን ተጠቅልላ ስትተኛም ኩርፊያ ነው አለ። ሁሉንም ሲደማምረው ልትሄድ ነው፤ ከመሄዷ በፊት የሚወደውን እያጠፋችበት ነው።

ወረቀቱን ልጣ ብትተው ደህና፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ሳይቀር ተቧጥጧል። ነስሩ ጣቱን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ፈራ። ሰው ምን ያህል ቢጠላ ነው እንዲህ የሚቧጥጠው?

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ጋሽ ለገሰ፣ ዝም ብለህ ከምትብሰለሰል ጠይቃት አሉት። ጠየቃት። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ አላየሁም አለች። እየዋሸች እንደሆነ ገባው፤ የባሰ የከፋውም ያኔ ነው።

አንድ ጠዋት ቤተሰቡ ጠፋ። ከረባታሙ አባት፣ እናትየው፣ መሐል የተቀመጡት ልጆች፣ ሁሉም የሉም። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ያን ገጽ ነበር፤ ለምን እንደሚወደው ደግሞ ከዘይቱና በቀር የሚያውቅ የለም። ባዶው ቦታ ፊት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ቢቆጣ ይሻለው ነበር፤ ቁጣውም እምቢ አለው።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ለገሰ ዘንድ ሄደ።

«አንዴ ብቻ በዓይኔ ልያት» አላቸው። «ካየኋት ለእናቴ እሺ እላለሁ፣ እሷንም በሰላም እሸኛታለሁ። ከዚህ በላይ አልችልም።»

«ኋላ ይቆጭሃል» አሉት።

«ቢቆጨኝስ ምን አደርጋለሁ?»

በማግስቱ፣ ቢታ ገነት ከተማ ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው አለ፣ ደርሼ እመጣለሁ ብሏት ወጣ። ከልብስ ሰፊው ቤት ግን አላለፈም። ዝናቡ ሲወርድ ተነሳና በመንገዱ በኩል ያለውን በር ቀስ ብሎ ከፈተ።

ዘይቱና ጀርባዋን ሰጥታው ጥጉ ላይ በርከክ ብላለች። የላጠችው የዘንዶው ገጽ አልተቀደደም፤ በጥንቃቄ ተላቆ፣ እንዳይጨማደድ ወንበሩ ላይ ተዘርግቷል። ነስሩ ይህን አየ፤ ምንም ግን አልለወጠለትም።

«ዘይቱና» አላት። «ለእናቴ እሺ ልላቸው ነው።»

ዞረች። ጉንጯ ሁሉ እንባ ነው። አፏ ሙሉ ስለነበር ወዲያው አልመለሰችለትም።

«ምን ላድርግ፣ ነስሩ» አለችው ኋላ፣ ከከንፈሯ ላይ ቀዩን ጭቃ እየጠረገች፣ «አማረኝ።»