ከሸሚዙ ሥር

መሣሪያ ተደግኖበት «እጅ ወደ ላይ!» እየተባለ፣ ሰው ስለምን ደረቱን ያቅፋል? የኬላው ታጣቂ ነገሩ አልገባው አለ።

«እጅህን አንሣ ብዬሃለሁ!»

«ከለቀቅኳት ትወድቃለች፣ ወንድሜ! ልጄ ናት፤ ያለ ጊዜዋ የተወለደች። እናቷ ወደተኛችበት ሆስፒታል ላድርሳት!» አለ መንገደኛው፣ ሸሚዙን ያሳበጠውን ነገር በሁለት እጁ እንደደገፈ።

ከድንጋይ ካቡ ጀርባ የታጣቂው ጓደኛ ሳቀ። «ሰማኸው? ወንድ ሕፃን ሲያዝል አይተህ ታውቃለህ? ያውም በደረቱ! ቦምብ ነው፣ በለው!»

መንገደኛው ሊያሳያቸው ፈልጎ አንድ እርምጃ ቀረበ። ታጣቂው ተኮሰ። ጥይቱ የመንገደኛውን አንገት በጥሶ ወጣ። ሰውየው ግን ሲወድቅ እንኳ በደረቱ አልወደቀም፤ ተጠማዝዞ በጀርባው ተዘረረ።

ታጣቂው ሮጦ ሸሚዙን በጩቤ ሸረከተው። ከሁለት መዳፍ የማትበልጥ ሕፃን፣ ዕርቃኗን፣ በአባቷ ደም ርሳ ከደረቱ ላይ እንደተለጠፈች ትተነፍሳለች።

«ወይ እመቤቴ!» አለ ጓደኛው። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል።

ከሟቹ ኪስ ስልክ ጮኸ። ታጣቂው አውጥቶ አየው፤ የሟቹ ሚስት የላከችው መልእክት ነበር። «ከገላህ እንዳትለያት፤ ከቀዘቀዘች ትሞትብናለች። የት ደረሳችሁ?»

ታጣቂው ዝናሩን ፈትቶ ወረወረው። የሸሚዙን ቁልፎች በጣጥሶ ሕፃኗን ከራሱ ገላ ጋር አጣበቃት። ከዚያ ደም በነካው አውራ ጣቱ «ደረቴ ላይ ናት» ብሎ ጻፈና ላከ።