በጽሑፍ የቆመ ቤት

በዚያ ዓመት ዝናቡ በሐምሌ ቀረ። ማሽላው ሳያፈራ በአገዳው ደረቀ። ከብቶቹ አለቁ። ከወለጋ ይዤ የመጣሁት ሁሉ ሲያልቅ ሚስቴንና ሕፃኗን ልጄን ይዤ ባምባሲ መንገድ ዳር ዓዲላ ቤት ወደቅሁ። ዓዲላ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ አያውቀኝም ነበር። ክፉው ጊዜ እስኪያልፍ የቤቱን እኩሌታ ለቀቀልን፣ ከጎተራውም በላን።

ከዚያ ወዲህ ብድሩን ልመልስ ብል እሺ አይለኝም። ፍየል ብሰድለት ግልገል አስከትሎ መለሰልኝ። አጨዳ ላግዘው ስሄድ ቀድሞ አጭዶ፣ "ረጋሳ፣ ዘገየህ" ብሎ ይስቅብኛል። ክልሉ ሲቋቋም ቤቱ ፈርሶ አዲሱ መንገድ በላዩ አለፈ። ሚስቱም ብዙ ሳትቆይ ሞተች። ሁለቱንም አንሥቶ አያውቅም።

አሁን አሶሳ፣ ልጄ ፌቨን በምትሠራበት ቢሮ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጧል። ፌቨን ያች ሕፃን ናት። የፈረሰውን ቤቱን ሰው እየተራመደ የሚገባበት ድረ ገጽ አድርጋዋለች። እኔ እየነገርኳት በኮምፒዩተር ቋንቋ፣ በቅንፍ መካከል የምሰሶውን ቁመት፣ የቀርከሃውን ቀለም ጻፈች፤ ማሽኑ ጽሑፉን አንብቦ ቤቱን አቆመው። ይህንንም አልፈልግም ካለኝ ሌላ የምሰጠው የለኝም።

ዓዲላ ማውሱን ይገፋል። ቀጥ ብሎ በግድግዳው መሀል ያልፋል። ፌቨን ግድግዳው ሰው እንዳያሳልፍ ማድረጉን ረስታዋለች።

"ልጄ፣ በግድግዳ የሚገባ ሌባ ነው" ይላታል። "መልሰኝ።" አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጋል።

እየሳቀች ወደ ደጅ ትመልሰዋለች። በሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ፣ "አሰላሙ ዓለይኩም" ይላል። ይጠብቃል።

ፌቨን አገባቡን ልታሳየው እጇን ወደ ማውሱ ስትዘረጋ እይዛታለሁ። ደጁ ሲደርስ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ከውስጥ የምትመልስለት ሚስቱ ነበረች።

አሁንም ይጠብቃል። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ያን ሰላምታ በቃሉ መልሼ አላውቅም።

"ወዓለይኩም ሰላም" እላለሁ። "ግባ፣ ዓዲላ።"

ይገባል። ምድጃውን፣ መደቡን ቀስ ብሎ ይዞራል። እኛ እንተኛበት የነበረው ጥግ ጋ ብዙ ይቆያል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ይህ ነገር ይወሰዳል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ፌቨን በፍሎፒ ገልብጣ ትሰጠዋለች። ኮምፒዩተር ከሌለ እንደማይከፈት ልትነግረው ስትጀምር አያስጨርሳትም።

"እወስደዋለሁ" ይላል፣ እኔን እያየ።

ፍሎፒውን ከጀለቢያው የደረት ኪስ ይከትና የኪሱን ቁልፍ ይቆልፋል።