ነጩ ጣሪያ

ሐሙስ የካቲት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አንድ አውሮፕላን በሜዳው ላይ እየዞረ ፎቶግራፍ አነሣ። ከአምስት ዓመት በኋላ በገላጣ የእርሻ መሬት ላይ አዲስ መኖሪያ ቤት መሥራትን የሚከለክል ደንብ ወጣ። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ያልታየ ቤት ሁሉ አዲስ ነው፤ አዲስ ቤት ደግሞ ይፈርሳል።

የመሬት አስተዳደር ባለሙያው ፎቶግራፉን በቢሮው ጠረጴዛ ላይ ለባልቴቷ ዘረጋላቸው። ጎጆአቸው በትልቅ ሾላ ተሸፍኖ አይታይም።

«እማማ፣ ቤትዎ አዲስ ነው።»

«አምስት ልጅ ወልጄበታለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«ፎቶው ላይ የለም።» ክፉ ሰው አልነበረምና ጣቱን ከሾላው አጠገብ ባለው ሰፊ ነጭ ጣሪያ ላይ አሳረፈ። «ይኸኛው ግን ነባር ነው። ሰኞ ጠዋት ስንመጣ ቆሞ ካገኘነው፣ ጎጆውም የእሱ ማድቤት ተብሎ ይተርፋል። ካላገኘነው እናፈርሳለን።»

ባልቴቷ ነጩን ጣሪያ አተኩረው ተመለከቱ። ፎቶግራፉ የተነሣበትን ቀን ጠየቁ፤ ነገራቸው። አመስግነው ወጡና በቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ሄዱ።

«የካቲት 14፣ ባለቤቴ የተቀበረ ዕለት የተከላችሁልኝን ነጩን ድንኳን ለሰኞ አውጡልኝ» አሉ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«እትዬ፣ ያለ ሟች ድንኳን አይወጣም። ደንቡ ሲጸድቅ እርስዎም እጅዎን አውጥተዋል።»

«እንግዲያው ቤቴን በሟቾች መዝገብ ላይ ጻፉልኝ። ቀብሩ ሰኞ ጠዋት ነው።»

ዳኛው ድንኳኑ ያለበትን መጋዘን ቁልፍ በጣቶቻቸው መካከል አገላበጡ።

«ጻፉልኝ እንጂ» አሉ ባልቴቷ።