ፀሐይ፣ ዝናብ፣ በረዶ፣ እራት

«ይሄ አይሄድም» ትላለች እናቴ፣ ላባ የተሞላውን ጃኬቴን በሁለት ጣቷ ከሻንጣው እያወጣች።

«ለብርድ ብዬ ነው የገዛሁት፣ እማ።»

«ፍራሽ ነው የገዛሽው።»

ሻንጣውን በእጅ ሚዛኑ አንጠለጥለዋለሁ። ያለ ጃኬቱ ልክ አሥር ኪሎ። ተራራው ላይ የምታደርሰን ትንሽ አውሮፕላን ከዚያ በላይ አትቀበልም።

«ለብሼው እሳፈራለሁ።»

«ተሳፈሪ። ፀሐይ ስትወጣ ማን ላይ ልትጭኚው ነው?»

ከነገ ወዲያ የመሥሪያ ቤታችን ቦርድ ተራራው ላይ ባለ ውድ ሎጅ ይሰበሰባል። ጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ የነደፍኩት ድልድይ የት የት እንደሚያርፍ አስረዳለሁ፤ ማታ አብሬያቸው ለእራት እቀመጣለሁ። አምና የሄደው ባልደረባዬ፣ ፕሮፌሰሩ የምንለው፣ ንድፉ ከእኔ ይሻል ነበር። እያስረዳ ሳለ በረዶ ሲጥልበት ግን ከብርድ ጥርሱ ተንገጫገጨ። የቦርዱ አባላትም «ራሱ የሚፈራውን ድልድይ ለእኛ ያመጣል» ብለው መለሱት። እኔን አይመልሱኝም።

እናቴ ሆቴል ውስጥ ልብስ ስትተኩስ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። እንግዶቹን በመልክ አታውቃቸውም። በክፍል ቁጥር ግን እስከ ውስጥ ልብሳቸው ታውቃቸዋለች።

«የሁለት መቶ አራቷ ሴትዮ በየዓመቱ ተራራ ትወጣለች» ትላለች። «ስስ ሱፍ፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ዝናብ የማያስገባ ስስ ካፖርት። ሲሞቃት ታወልቃለች፣ ሲበርዳት ትደርባለች። አለቀ።»

«አይተሻት ታውቂያለሽ?»

«እሷን ማየት ምን ያደርግልኛል? ሸሚዟን አይቻለሁ።»

በወሬ አላምንም። ጃኬቱን ለብሼ፣ ወረቀቶቼን ይዤ፣ መስኮቱን ከኋላዬ አድርጌ እቆማለሁ። «አየሩን አንቺ ጥሪ» እላታለሁ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ትላለች። ደስ ብሏታል።

«ክቡራን የቦርድ አባላት፣ የመጀመሪያው ምሰሶ የሚተከለው...»

«ፀሐይ!»

ጃኬቱን አወልቃለሁ። ክንዴን ሞልቶ ወረቀቶቼን ይበትናቸዋል። ጎንበስ ስል «ዝናብ!» ትላለች። አንዱ እጅጌ ተገልብጦ እጄን አላስገባም ይለኛል። ምሰሶው የት እንደነበረ ጠፍቶብኛል።

«ሰዎቹ ቁርሳቸውን ሊበሉ ሄዱ» ትላለች፣ አፏን በመዳፏ ይዛ።

ጃኬቱን ወንበሩ ላይ እወረውረዋለሁ። መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ሹራቤንና ስስ ካፖርቴን ከሻንጣው አውጥቼ እደርብና በሁለት መቶ አራቷ ሴትዮ ሥርዓት እንደገና እጀምራለሁ። «ፀሐይ!» ካፖርቱ ወለቀ። «ብርድ!» ተመለሰ፤ ዚፑ ግን ያዘኝና ሁለተኛውን ምሰሶ ሁለት ጊዜ ተከልኩት።

«ዓይንሽን ከሰዎቹ አትንቀዪ። ዚፕ በጣት እንጂ በዓይን አይዘጋም። እራት!»

ጥቁሩን ቀሚስ ከሻንጣው እመዛለሁ። በስስ ወረቀት ጠቅልላው ኖሮ አንድ የእጥፋት መስመር አልወጣበትም።

«በቃ፣ አንዴ ደግሞ» እላለሁ። እሷ እስከዚያ ሹራቡንና ካፖርቱን ከአልጋው አንስታ እያጣጠፈች ነው። ስቀበላት ከሁለቱም ኮሌታ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ትንሽ ነጭ ወረቀት ተንጠልጥላለች። ሆቴሉ ውስጥ የእንግዳ ልብስ እንዳይቀላቀል የክፍል ቁጥር የሚጻፍባት ናት። እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ከቦርሳዋ አይጠፉም።

«እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ወረቀቷን ታያለች፣ ከዚያ ጣቶቿን። «እጄ ለምዶ ነው» ትላለች።

ወረቀቷን ልነቅላት እጄን ስዘረጋ እሷ እስክሪብቶ አውጥታለች።

«ክፍልሽ ስንት ነው?»

«ገና አልነገሩኝም።»

«ሲነግሩሽ ደውይልኝ።» እስክሪብቶውን ትከድናለች። «ቁጥር የሌለው ልብስ ይጠፋል።»

መርፌ ቁልፉን እተወዋለሁ። ወደ መስኮቱ እመለሳለሁ።

«ክቡራን የቦርድ አባላት...»

አሁን ምሕረት የላትም። ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ፀሐይ፣ ነፋስ። ጣቶቼ ይሠራሉ፣ አፌ አያቆምም፣ ዓይኔ ከዓይኗ አይነቀልም።

«በረዶ!»

ካፖርቱን ሳላይ እስከ አገጬ እዘጋዋለሁ። ቁጥር ያልተጻፈባት ወረቀት አንገቴን ትቧጥጠኛለች። እኔ ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ነኝ።