ያልሣልኩት ድንጋይ

ሁለት እጇን ከኋላ አጣምራ ሥዕሉ ፊት ቆማለች።

"አጉሊ መነጽርሽስ?" እላታለሁ።

"ቢሮ ረሳሁት፣ ጋሼ። ዐውደ ርእዩ ለነገ ሆኗል፤ ሾፌሩም ታች ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ዛሬ ፈርሜ ይዤው ካልሄድኩ ዳይሬክተሩ ቁም ስቅሌን ነው የሚያሳየኝ።"

ከሙዚየሙ የምትላክ አራሚ ናት። የእኔ ሥራ ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት በባዕድ ጋዜጦች ላይ የወጡ ሥዕሎችን አሳድጌ በቀለም መገልበጥ ነው፤ ቅኝ ገዢ የመጣበት ሰው እምቢ ሲል የሚያሳዩትን። የእሷ ሥራ ደግሞ ጋዜጣውንና የእኔን ጎን ለጎን አድርጎ ጭረት በጭረት ማመሳከር። ስህተት ካገኘች በእርሳስ ታከብበትና መታረሙን ልታይ በሚቀጥለው ሐሙስ ትመለሳለች።

በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ለአንዱ ወታደር ስድስት ጣት ሰጥቼው ኖሯል። "ይሄ ሰውዬስ ለመተኮስ አይቸገርም" ብላ ሳቀች። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔም ሳቅኩ፤ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

ከዚያ ወዲህ እጄ ተሳስቶ አያውቅም፤ የማሳስተው እኔ ነኝ። አንዴ የፈረስ እርካብ እተዋለሁ፣ አንዴ የጠመንጃ ማንገቻ። ስህተቱ ከተለቀ ሙያዬ ይዋረዳል፣ በጣም ካነሰ ደግሞ ታልፈዋለች፤ ልኩን አውቄዋለሁ። በአሥራ አንድ ሥዕል አሥራ አንድ ሐሙስ አተረፍኩ። ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ የሚያናግረኝ ግን ሬዲዮ ብቻ ነው፤ እሱም ማውራት እንጂ መስማት አያውቅም።

ይሄ አሥራ ሁለተኛውና የመጨረሻው ነው። መንደርተኞች የባቡር ሐዲድ ላይ ቆመው መንገድ ዘግተዋል፤ ወታደሮቹ አነጣጥረውባቸዋል። ከሁሉም ፊት አንዲት አሮጊት ቀኝ እጇን ከራሷ በላይ አንሥታለች። በጋዜጣው ላይ መዳፏ ውስጥ ድንጋይ አለ፤ በእኔው ላይ የለም። ለአንድ ሐሙስ ብዬ ነው የተውኩት።

"በጣም ያምራል፤ እጅዎ ይባረክ" ትላለች። እስክሪብቶዋን አውጥታ ትፈርማለች።

አሮጊቷን አያታለሁ። ድንጋዩን ስተወው ያልታየኝ ነገር አሁን ፍጥጥ ብሎ ይታየኛል። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባል የለ? ባዶ እጇን ወደ ላይ ያነሣች ሴት እኮ የተማረከች ሴት ናት። የጋዜጣው ሰው ከሥር "ሽፍቶች" ብሎ ጽፎባቸዋል፣ መልካቸውንም አውሬ አስመስሎታል፤ እሱ እንኳ ድንጋዩን አልነጠቃትም። እኔ ነጠቅኳት። ከነገ ጀምሮ ሰው ሁሉ ፊቷ እየቆመ ምሕረት ስትለምን ያያታል።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ብናገር ግን የጎደለውን እንዴት ቀድሜ አወቅሁት?

"ልጄ" እላታለሁ። "እጇ ላይ ድንጋይ ጎድሏል።"

ጋዜጣውን አንሥታ ዓይኗ ሥር ታስጠጋለች።

"ውይ! እንዴት አመለጠኝ? እርስዎስ መቼ አዩት?"

"ስተወው።"

ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት ፊቷ ላይ አያለሁ።

"እርካቡስ?"

"አዎ።"

"ማንገቻውስ?"

መሬት መሬት አያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"ስድስተኛው ጣት ግን የእውነት ስህተት ነበር" እላታለሁ፤ ከጉድ የሚያወጣኝ ይመስል።

አትስቅም፤ አትቆጣምም። ከታች የመኪና ጡሩምባ ይጮኻል።

አንድ ድንጋይ ምን አላት፤ ሦስት ጭረትና ትንሽ ጥላ ናት። አምስት ደቂቃ አትፈጅም። ቀለሙን በጥድፊያ እበጠብጣለሁ፤ እሷ በሩ ጋ ቆማ ታየኛለች።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ትሄድና ሞተሩን እንዲያጠፋ ለሾፌሩ በእጇ ታመለክተዋለች። ወንበር ስባ አጠገቤ ትቀመጣለች።

"ቀስ ብለው ይሣሉት፣ ጋሼ።"

ከብሩሾቼ ሁሉ ቀጭኑን አነሣለሁ።