ጣውንቲቱ ለምን ተንቀጠቀጠች

መካኒኩን ደውላ የጠራችው ታላቅ እህቱ ናት።

«ጣውንቴ ታማለች፤ መጥተህ እያት» አለችው።

ጣውንቴ የምትለው የባሏን መኪና ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ የድሮ ስፖርት መኪና ናት። ቀይ ቀለሟን ፀሐይ በልቶት የደረቀ ቲማቲም መስላለች። የተገዛች ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ «ሰውዬው ሁለተኛ ሚስት አገባ» ብሎ ስቋል፤ እህቱም አብራ ስቃለች።

ያኔ ሳቅ ነበር። አንድያ ልጃቸው ታሞ ካረፈ ወዲህ ግን በዚያ ቤት ድምፅ ያለው ነገር ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። ባልና ሚስት «በላህ?» «በላሁ» ይባባላሉ፤ አለቀ። ባልየው ጠዋት ጠዋት ብቻውን መኪናውን አስነስቶ ገደሉን ይዞ በሚጠመዘዘው ቁልቁለት ይነዳል፤ እሷ በሩ ላይ ቆማ ድምፁ እስኪጠፋ ታዳምጣለች።

«ምንም የላትም፤ እርጅና ነው» አለ ባልየው መካኒኩን ሲያየው። «የኔስ ጉልበት ይንቀጠቀጥ የለ? ለኔ ማን መካኒክ ጠራልኝ?»

«አይ ጋሼ፣ ለርስዎ መለዋወጫ አይገኝም!»

መካኒኩ በራሱ ቀልድ ብቻውን ሳቀ።

ወጡ። መሪውን መካኒኩ ያዘ። ባልየው ልጁ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ተቀመጠ፤ ቀበቶ አላሰረም። ፍጥነቱ ስልሳ ሲሞላ ወለሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በወንበሩ አልፎ ጥርስ ውስጥ ገባ። መካኒኩ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ባዶ አደረገ። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ፤ መንቀጥቀጡ ግን እንዳለ ነው።

«ሞተሩ ነፃ ነው» አለ። ጎማዎቹን ባላንስ አስደረገ፤ እነሱም ነፃ ወጡ።

ግቢው ውስጥ ባልየው በጉብዝናው ዘመን ያስቆፈረው፣ መኪናን ከሥር ማያ ጉድጓድ አለ። መካኒኩ ገባና አንጋጠጠ። ከካምቢዮው፣ ከማርሹ ሳጥን፣ ኃይል ተቀብሎ ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ጫፉ በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው። መፍቻውን ገና ሲያስነካቸው አራቱም ዞሩ።

«ጋሼ! ይሄ ዘንግ ቁልቁለቱ ላይ ቢወድቅ ኖሮ እኮ ዛሬ ለቅሶ ላይ ነበርን!»

«ወይ ጉድ» አለ ባልየው። ፊቱ ላይ ግን ጉድ የሚባል ነገር አልነበረም። እጁን ታጥቦ ወደ ቤት ገባ።

መካኒኩ ብሎኖቹን ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አጠበቃቸው። ከዚያ እንደ ልማዱ በእያንዳንዱ ብሎንና በተቀመጠበት ብረት ላይ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር በቀለም አሰመረ። ሥራ ያስተማረው ሰውዬ «ብሎን ይዋሻል፣ ቀለም አይዋሽም» ይለው ነበር። መስመሯ ከተሰበረች ብሎኑ ዞሯል።

ሲወጣ ባልየው የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ሰጠው። «ያዘው። አንተ ቀጠሮ ያለብህ ሰው ነህ» አለው። መካኒኩ ደስ ብሎት ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ እህቱ ደወለች።

«አሁንም ትንቀጠቀጣለች።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ተሳፍረሽባት ነው ያወቅሽው?»

«ና ብቻ» አለችው።

ባልየው ሱቅ ድረስ በእግሩ ወጥቶ ነበር። መካኒኩ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ መብራቱን አነጣጠረ። አራቱም መስመሮች ተሰብረዋል። አንድ ብሎን ቢላላ መንገዱ ነው ይባላል። አራቱስ? መንገድ መፍቻ አይዝም።

እዚያው እንደቆመ አሰበ። በቤቱ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ መኪናዋን ይነዳል፣ አንዷ ጣውንቴ ትላታለች። መቼም የሚቀመጥበትን ቅርንጫፍ የሚቆርጥ የለም። በልጁ ለቅሶ ላይ እህቱ ሰው ፊት «ሐኪም ዘንድ ቶሎ ውሰደው ብዬው ነበር» ያለችው ትዝ አለው።

ብሎኖቹን መልሶ አጠበቀና ወደ ኩሽና ገባ። እህቱ ሳህን እያጠበች ነው። የቀኝ እጇ አንጓ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ልብስ ስጨምቅ ዞረብኝ።»

ጥፍሮቿን አየ። ሥራቸው ጥቁር ነው፤ ሳሙና የማያስለቅቀውን ያን ጥቁር እሱ አሳምሮ ያውቀዋል። የእጅ መጥረጊያ ፍለጋ ብሎ መሳቢያውን ሳበ። ከማንኪያዎቹ ኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነካው። ፈታው። ቁጥር አስራ ሦስት መፍቻ ነው፤ የዘንጉ ብሎኖች ልክ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ቧንቧውን ዘጋችው። «መፍቻ ነው።»

«መፍቻ መሆኑንማ መች አጣሁት? የሰው ነፍስ እኮ ነው! ልጅሽ ላይ ባልሽን ልትጨምሪ ነው?»

እህቱ አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ካቆመች ቆይታለች። የታሰረ እጇን ዘርግታ መፍቻውን ተቀበለችው፣ በጨርቁ ጠቀለለችው፣ ቦታው መለሰችው።

«እሱ ፈትቷቸው ይተኛል፣ እኔ አጥብቄያቸው እተኛለሁ» አለችው፤ «ጉልበቴ ግን እንዳንተ አይደለም።»