ሠላሳ ሦስቱ ፍሬ

ዘሚራ ጣቷን ኪቦርዱ ላይ አሳርፋለች፤ ግን ገና አልተጫነችውም። ከካርድ ክፍሉ መስኮት ማዶ አንድ አዛውንት የስልክ ቁጥራቸውን ነግረዋት፣ እንደ ልማዳቸው መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሞጣ ባለው በዚህ ክሊኒክ ካርዳቸው ከኮምፒውተሩ እስኪገኝ ሠላሳ ሦስቱን ፍሬ ይጨርሱ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ ቆሞ «በከንቱ አትድከሚ፤ ካርዱ የተቀመጠበት ሰርቨር አርጅቷል ብዬሻለሁ። አዲስ ካልተገዛ አይሆንም» አላት።

ያረጀው ሰርቨሩ አልነበረም። አንድ በሽተኛ በተፈለገ ቁጥር ኮምፒውተሩ የክሊኒኩን አርባ ሺ ካርድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ሲያነብ እንደኖረ ትናንት ደርሳበት ነበር። ዛሬ ጠዋት በስልክ ቁጥር የተደረደረ፣ እንደ መጽሐፍ ማውጫ በቀጥታ ወደ ካርዱ የሚመራ ማውጫ ሠራችለት፤ ጠቅላላ ሥራው አንድ መስመር ትዕዛዝ ብቻ ነበር። አሁን ቁልፉን ተጫነች።

«ተገኘ፣ አባባ። ሁለት ቁጥር ክፍል ይግቡ።»

የአዛውንቱ አውራ ጣት የመጀመሪያው ፍሬ ላይ እንዳለ ቀረ። መቁጠሪያውን አዩት፤ ቀጥሎ እሷን። «ልጄ፣ ገና አንድ ማለቴ እኮ ነው!» አሉ። ከዚያም አግዳሚው ላይ ወደተደረደረው ወረፋተኛ ዞረው፣ አዛን በሚያሰሙበት ድምፃቸው ተጣሩ፦

«ተነሱ! ዛሬ መቀመጥ የለም!»